ራሱን የማይነቀንቅ መኪና

ኡላሊያ ባራሳ በቁም ምልክቷ እጀታ የመኪናውን መስኮት ሁለቴ አንኳኳች። ነጩ መኪና የመሻገሪያውን መስመር አንድ ክንድ ያህል ረግጦ ቆሟል። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለ ሹፌር ሲገጥማት የምታደርገው ይህንኑ ነበር፤ ታንኳኳለች፣ ሹፌሩ መስታወቱን ዝቅ ያደርጋል፣ ትቆጣዋለች፣ «ይቅርታ ናና» ይላታል፣ መኪናውን ወደ ኋላ መለስ ያደርጋል፣ ነገሩም እዚያው ያልቃል። ዛሬም እጇ ልማዱን ይዞ ሄደ እንጂ ልቧስ ያውቅ ነበር። ከመስታወቱ ወዲያ ሰው የለም። መሪው ብቻውን ወደ ቀኝ ትንሽ ዞር አለና ወደ ቦታው ተመለሰ። የደህንነት ቀበቶው ማንንም ሳያቅፍ ተንጠልጥሏል።

ከኋላዋ ልጆቹ ሳቁ።

«ናና ባዶ ወንበር እየተቆጣች ነው!»

«አንተ ማርኮስ፣ አፍህን ዝጋና የጫማህን ክር እሰር! ሥራ የለህም?»

ከመኪናው ጣሪያ አካባቢ አንድ ለስላሳ የሴት ድምፅ መጣ። «ጤና ይስጥልኝ፣ የደንበኞች ድጋፍ ነኝ። ምን ልርዳዎት?»

«መስመሩን ረግጣችሁ ቆማችኋል።»

«ስለተፈጠረው ነገር እናዝናለን። መኪናው ውስጥ ተሳፋሪ ነዎት?»

«ተሳፋሪ ብሆን ውጭ ቆሜ ምን እሠራለሁ ልጄ? አሻጋሪ ነኝ፤ የትምህርት ቤቱ። መስመሩን ረግጧል ነው የምልሽ።»

«ጥያቄዎን መዝግበናል።»

«ጥያቄ አይደለም፣ ቁጣ ነው!»

«እሱንም መዝግበናል። መልካም ቀን ይሁንልዎ።»

ድምፁ ተቋረጠ። መኪናው እንደቆመ ቀረ፤ ትሑት፣ ንጹሕ፣ ምንም ያልሰማ። ኡላሊያ ምልክቷን ከፍ አድርጋ ልጆቹን በሌላው እጇ አሳለፈቻቸው። ጠዋት ሁለት ሰዓት እንኳ ሳይሞላ የፓሎ ሴኮ ከተማ ፀሐይ ከአስፋልቱ ላይ መነሣት ጀምራለች፤ አንጸባራቂው ብርቱካናማ ሰደርያ ጀርባዋ ላይ ተጣብቋል። የተናደደችው በመኪናው ብቻ አልነበረም። ንዴቷ የሚያርፍበት ፊት አጥቷል፤ ንዴት ደግሞ ፊት ሲያጣ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል።

ናና የሚሏት የልጅ ልጆቿ ብቻ አይደሉም። የትምህርት ቤቱ ልጅ ሁሉ እንዲያ ነው የሚጠራት፤ ዛሬ መኪና የሚነዱት የትናንት ልጆችም እንዲያ ነው የሚጠሯት። ለሁሉም ያስተማረችው ሕግ አንድ ነው። መኪናውን አትዩ፣ ሰውየውን እዩ። ዓይኑን ያዙ፣ እጃችሁን አንሡ፣ ራሱን እስኪነቀንቅላችሁ እግራችሁን አታንሡ። መኪና ብረት ነው፣ ብረት ቃል አይገባም፤ ራሱን የነቀነቀላችሁ ሰው ግን ቃል ገብቶላችኋል። በዚህ ሕግ በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ጉልበት እንኳ አልተላጠም፤ ከሦስት ሳምንት በፊት ድረስ።

ራሳቸውን የሚነዱት ነጮቹ መኪናዎች ከተማው ውስጥ መታየት ሲጀምሩ እጆቹን ጭኑ ላይ ያስቀመጠ ሰው ይቀመጥባቸው ነበር። ያ ሰው ምንም ባይነዳም ዓይን ነበረው፤ ልጆቹ ያዩታል፣ እሱም ይነቀንቃል። አንድ ቀን ሰውየው ቀረ። ኡላሊያ ያን ጊዜ ሕጓን መለወጥ ነበረባት፤ ግን ምን ብላ ትለውጠው? ስለዚህ ነጭ መኪና በመጣ ቁጥር ፊቱ ሄዳ ትቆምና «ይሄን እለፉ፣ ይሄን እለፉ» እያለች በእጇ ታሳልፋቸዋለች። እሷ እስካለች ድረስ ይሠራል። እሷ ዘወር ካለችስ? ይህን ማንም አልጠየቃትም ነበር። አሁን ራሷን በየሌሊቱ ትጠይቃለች።

ከሦስት ሳምንት በፊት፣ በአደጋው ዕለት፣ ከሰልፉ መጨረሻ ላይ የነበረችው የገዛ የልጅ ልጇ ናት፤ የስምንት ዓመቷ ኖኤሚ። ልጅቷ ነጩ መኪና ፊት ደረሰች፣ ቆመች፣ እጇን አነሣች፣ ራሱን የሚነቀንቅላት ሰው ጠበቀች። ከኋላ የመጣ ፒካፕ በመሀሉ መታጠፊያ መስመር ነጩን መኪና ዞሮ አለፈና ወደ መስመሩ ሲመለስ ገጫት። የኖኤሚ ቀኝ እግር ከጉልበቷ በታች ሁለት ቦታ ተሰበረ።

ዛሬ ኖኤሚ ከአደጋው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ትምህርት ቤት መጥታለች። እናቷ አራሴሊ ከሆስፒታል የሌሊት ሥራዋ ስትመለስ በኋላ በር አድርሳት ሄደች፤ አሁን ተኝታለች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን ልጅቷ ወደ ቤት መሄድ አለባት፣ ቤቱ ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ነው። ጠዋት ቁርሷን ስትበላ፣ በቂጣ የተጠቀለለውን ባቄላ በሹካ እየቆራረሰች ሳትጎርሰው፣ ቁርጡን ተናግራለች።

«አልሻገርም ናና።»

«እኔ አለሁ አይደል?»

«ያን ቀንም ነበርሽ።»

ኡላሊያ ተነሥታ ያልቆሸሸ ሳህን አጠበች።

*

አራት ሰዓት ላይ ስብሰባው በቤተ መጻሕፍቱ ተጀመረ። የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ሁለት ነገር ሊወስን ነው። አንደኛው ነጮቹ መኪናዎች ጠዋትና ከሰዓት ልጆች በሚሻገሩበት ሰዓት በዚያ መንገድ እንዳያልፉ የከተማውን አስተዳደር መጠየቅ አለመጠየቅ ነው። ሁለተኛው የአደጋውን ጉዳይ «ጥፋቱ የፒካፑ ሹፌር ነው» ብሎ መዝጋት ነው።

በሩ ላይ ከመኪናዎቹ ኩባንያ የመጣችው ወይዘሪት ዊትሎክ ጠበቀቻት። ወጣት ናት፤ ሸሚዟ የተተኮሰ፣ ድምፅዋ የሕክምና ቤት ድምፅ። ክፉ ሴት አትመስልም፤ ኡላሊያን ያናደዳትም ይሄው ነው።

«ወይዘሮ ባራሳ፣ የልጅቷ እግር እንዴት ሆነ?»

«ጄሶው ውስጥ ነው።»

«በጣም አዝናለሁ። አንድ ነገር ልንገርዎት ብዬ ነው።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «መኪናው የቀረጸው ፊልም አለ። የልጅ ፊልም ስለሆነ ያለ አሳዳጊ ፈቃድ አናሳይም። ልጅዎ አሳዳጊነቱን ለዛሬ በፊርማ ለእርስዎ ሰጥታለች ተብያለሁ። እኔ አልመክርም። ለልጅቷም… ለእርስዎም ባይታይ ይሻላል።»

«ለእኔ ለምን?»

ወይዘሪት ዊትሎክ ጫማዋን አየች። ኡላሊያም ገባት። አይተውታል ማለት ነው። ስንት ሰው አይቶት ይሆን? ጀርባዋን በብርቱካናማ ሰደርያ አጉልቶ የሚያሳየውን፣ ለአራሴሊ እንኳ ያልነገረችውን ነገር፣ የማታውቃቸው ወጣቶች ቢሮ ተቀምጠው ወደ ፊት ወደ ኋላ እየመለሱ አይተውታል።

ወንበሮቹ ለልጆች የተሠሩ ናቸው፤ ትልልቁ ሰው ሁሉ ጉልበቱን ወደ አገጩ አስጠግቶ ተቀምጧል። ርዕሰ መምህርቷ ወይዘሮ ትሬድዌል መነጽራቸውን አጥልቀው አጀንዳውን አነበቡ። ከዚያ ወይዘሪት ዊትሎክ አዲሱን ነገር በስክሪን አሳየች፤ በመኪናው ግንባር ላይ የሚበራ አረንጓዴ መብራት። ትርጉሙ «አይቼሃለሁ፣ እለፍ» ማለት ነው።

«ልጆቹን ደግሞ» አለች ወይዘሪት ዊትሎክ ፈገግ ብላ፣ «ወይዘሮ ባራሳ ቢያስተምሯቸው ደስ ይለናል። የሚሰሙት እሳቸውን ነው።»

ኡላሊያ እጇን አነሣች። «መብራቱ የሚያወራው ስለ ማን ነው?»

«ይቅርታ?»

«ስለ ራሱ መኪና ብቻ ነው? ወይስ ከኋላው ዞሮ ስለሚመጣውም ያውቃል?»

«ስለ ራሱ መኪና ብቻ ነው።»

«አረንጓዴ ያየ ልጅ ግን ይሮጣል። ልጅ ነዋ! እኔን ነው እንዲህ አድርገሽ አስተምሪ የምትሉኝ?»

አንዳንድ ወላጆች አጉረመረሙ። ያን ጊዜ ከፊተኛው ረድፍ ሚስተር ሆሊስ ነጭ በትራቸውን መሬት ላይ መታ መታ አደረጉ። ከኡላሊያ ሁለት ቤት አልፈው የሚኖሩ፣ ዓይናቸው ከጠፋ አምስት ዓመት የሆናቸው ሽማግሌ ናቸው።

«እኔም ልናገር። በሳምንት ሦስት ቀን ኩላሊቴን ለማሳጠብ እሄዳለሁ። የሚወስደኝ ያ ነጭ መኪና ነው። ልጄ ፊኒክስ ከተማ ነው ያለው፤ ሩቅ አይደለም፣ በዓመት ሁለቴ ይመጣል። መኪናው በሳምንት ሦስቴ ይመጣል። ቀርቶ አያውቅም፣ ሰክሮ አያውቅም፣ ‹ዛሬ አልተመቸኝም› ብሎኝ አያውቅም።» ፊታቸውን ድምፅዋን ወደሰሙበት አዞሩ። «ኡላሊያ፣ በአንቺ ተናድጄ አይደለም።»

«አውቃለሁ ሆሊስ።»

«ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነው ቀጠሮዬ። የሚያልፈውም በዚሁ መንገድ ነው። ከከለከላችሁት እንዴት አድርጌ እንደምሄድ ንገሩኝ፣ ሌላ አልጠየቅኩም።»

ኡላሊያ በሚስተር ሆሊስ ልትናደድ ሞከረች፣ አልሆነላትም። ይሄን መኪና በሙሉ ልብ መጥላት እንኳ አይቻልም፤ የሚጠላው ነገር ላይ አንድ የታመመ ሰው ተሳፍሯል።

ከመጨረሻው ረድፍ አንድ ወጣት ኮፍያውን ከጉልበቱ አንሥቶ ቆመ። ብዙዎቹ ዘወር ሳይሉም አወቁት። ፒካፑን የነዳው ዴሪክ ቶሌት ነው፤ ጣራ ሠሪ፣ ሃያ ስድስት ዓመቱ። ከአደጋው በኋላ መንጃ ፈቃዱ ታግዷል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ፍርድ ቤት ይቀርባል።

«እኔ ሸክሙን ወደ ሌላ ላዞር አይደለም የመጣሁት» አለ። «አልፌያለሁ። ማለፍ አልነበረብኝም። ግን እናንተም ታውቃላችሁ፣ እነዚህ መኪናዎች መንገድ ላይ ይደርቃሉ፣ ያለ ምክንያት ቆመው ይቀራሉ። ፌስታል ሲበር ያዩና ይደርቃሉ፣ ቆሻሻ የሚጭን መኪና ሲያዩ ይደርቃሉ። ሁላችንም በመሀሉ መስመር ዞረን ነው የምናልፋቸው። ሚስተር ኬንደል፣ እርስዎስ?»

ሚስተር ኬንደል የተባሉት የኮሚቴ አባል ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የደረቀ መስሎኝ ነው። ከፊቱ ልጅ ቆማለች ብዬ አላሰብኩም። ልጅማ ቢሆን ያልፋል፣ አይቆምም ብዬ… ለምን ቆመች? ሌሊት ሌሊት የማስበው እሱን ነው። ለምን እዚያ ቆመች?»

ለምን እንደቆመች በዚያ ክፍል ውስጥ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ወይዘሮ ትሬድዌል ወረቀታቸውን አስተካከሉ። «እንግዲህ ሪፖርቱ የመኪናው አቋቋም ሕጋዊ እንደነበረ ይላል። ፊልሙን ማየት አስፈላጊ ካልሆነ ወደ ድምፅ መስጠት…»

«ይታይ» አለች ኡላሊያ።

ወይዘሪት ዊትሎክ ቀና አለች። «ወይዘሮ ባራሳ…»

«አሳዳጊዋ ለዛሬ እኔ ነኝ። ይታይ ብያለሁ። እግሯ ሲሰበር አቁሙት፣ ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ ይታይ።»

መብራቱ ጠፋ። ስክሪኑ ላይ መንገዱ መጣ፣ ከመኪናው ግንባር ከፍታ ላይ የታየ፣ እንደ በግ ቁመት ዝቅ ያለ። ልጆቹ ያልፋሉ። እያንዳንዱ ልጅ በቀጭን ሰማያዊ ሳጥን ተከቧል፤ ማርኮስ በሳጥን፣ የማርኮስ እህት በሳጥን። ከወዲያኛው መስመር ሌላ ሳጥን አለ፤ ውስጡ ብርቱካናማ ጀርባ። ያ ጀርባ በአንዲት እናት መኪና መስኮት ላይ ጎንበስ ብሏል፣ የአንድ እጁ ጣት በቁጣ ይወዛወዛል። ኡላሊያ የራሷን ጣት አወቀችው። ሴትዮዋ ስልኳን ስትነካካ አይታት ነበር፤ «ልጅ እየተሻገረ ስልክ? አታፍሪም?» ብላታለች። እውነቷን ነበር። ስድስት ሰባት ሰከንድ እውነቷን ስትናገር ቆየች።

ኖኤሚ ከግራ ገባች። መኪናው ፊት ደረሰች፣ ቆመች። እጇን አነሣች።

ልጅቷ ወደ ሁሉም አየች። ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው በሙሉ ኖኤሚ እሱን እያየችው መሰለው፤ በስክሪኑ ጠርዝ ላይ ሰከንዶቹ ይቆጠራሉ። በሦስተኛው ላይ አንገቷን ወደ ግራ ሰበር አደረገች፣ የፀሐይ ነጸብራቅ ሹፌሩን ከልሎባት እንደሆነ ብላ። በአምስተኛው በጣቷ ጫፍ ቆመች። በሰባተኛው፣ ምናልባት ሹፌሩ ተበሳጭቶ ይሆናል ብላ ይመስላል፣ ፈገግ አለችለት። የፊት ጥርሷ አንዱ ወልቋል። እጇ ደከማትና በሌላው እጇ ደገፈችው። አልወረደም።

በአሥራ አንደኛው ወይዘሪት ዊትሎክ አቆመችው።

መብራት ያበራ ሰው አልነበረም። በጨለማው ውስጥ ወይዘሪት ዊትሎክ ቀስ ብላ «ከሰባ ሜትር ላይ ነው ያየናት» አለች። «አንድ ሰከንድ እንኳ ከዓይናችን አልጠፋችም። መኪናው የሚጠበቅበትን ሁሉ አድርጓል።»

«አይታችኋታል» አለች ኡላሊያ።

«አዎ።»

«እሷስ መታየቷን በምን ትወቅ?»

መብራቱ በራ። ዴሪክ ቶሌት ፊቱን በኮፍያው ሸፍኖ ነበር። ኡላሊያ በትንሹ ወንበር ጀርባ ተደግፋ ተነሣች። ያዘጋጀችው ንግግር ሰደርያዋ ኪስ ውስጥ ተጣጥፎ አለ፤ አላወጣችውም።

«ያ ጀርባ የእኔ ነው። ዘወር ብዬ ነበር። ለልጄም አልነገርኳትም፣ ማታ እነግራታለሁ። ኖኤሚ የቆመችው ሞኝ ሆና አይደለም። ‹ራሱን እስኪነቀንቅልሽ እግርሽን አታንሺ› ያልኳት እኔ ነኝ። ዴሪክ፣ የጠየቅከው መልሱ እሱ ነው። ያስተማርኳትን አደረገች።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «እኔ አጥፍቻለሁ፣ ይኸው ተናገርኩ። ይሄ ልጅ አጥፍቷል፣ ሆስፒታል ድረስ መጥቶ አልቅሶ ይቅርታ ብሏል። ሁለታችንን እዚህ ታዩናላችሁ። አሁን አንቺ ልጄ ንገሪኝ፤ ከእናንተ ወገን ማን ነው ያጠፋው?»

«መኪናው ያጠፋው ነገር የለም።»

«መኪናውን አልጠየቅኩሽም። ብረት ምን ያጠፋል? ‹ልጅ ፊቱ ሲቆም ዝም ብሎ ይቁም፣ ምንም አይናገር› ብሎ የወሰነ ሰው አለ አይደል? ሹፌሩን ከወንበሩ ያነሣው ሰው፣ በምን እንደሚተካው ሳያስብ? ስሙ ማን ነው? አልሰቅለውም። ቆሜ ልቆጣው፣ እሱም ‹ይቅርታ ናና› ይበለኝ ነው የምለው። ሹፌር ሁሉ ሲያደርገው የኖረውን።»

«ይህ… የአንድ ሰው ውሳኔ አይደለም። ብዙ ቡድኖች ናቸው።»

«ብዙ ከሆኑማ አንድ ሰው ይጥፋ?»

ከወላጆቹ መካከል ሳቅ ተነሣ፤ የደስታ ሳቅ ግን አልነበረም። ወይዘሪት ዊትሎክ ቀላች።

«እኔ የምለው» አለች ኡላሊያ ድምፅዋን አለስልሳ፣ «ልጅቷ የፈለገችው መብራት አይደለም። አንድ ሰው ‹አይቼሻለሁ፣ ኃላፊነቱ በእኔ ይሁን› እንዲላት ነው የፈለገችው። ገባሽ?»

ወይዘሪት ዊትሎክ ሳታስበው ራሷን ነቀነቀች።

«ይኸው!» ኡላሊያ ጣቷን ቀሰረች። «ይኸው፣ ነቀነቅሽ! ይቺን ነው ያልኩሽ! ሌላ ምን ፈለግኩ?»

ወጣቷ ሴት አፏን ከፈተች። አንድ ነገር ልትል ነበር፤ ፊቷ ላይ መጥቶ ነበር፤ ኡላሊያ አይታዋለች። ግን ከጎኗ የተቀመጠው የኩባንያው ጠበቃ ክርኗን ነካ አደረጋት፤ አፏም ተመልሶ ተዘጋ።

«አስተያየትዎን ለቡድኑ አደርሳለሁ» አለች።

ደወል ተደወለ። ወይዘሮ ትሬድዌል ሰዓታቸውን አዩ፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ አፍንጫቸውን አሻሹ። ጉዳዩ ከባድ ስለሆነ፣ ሚስተር ሆሊስ ያነሡትም መታየት ስላለበት፣ ውሳኔው ለሚቀጥለው ወር ተላልፏል አሉ። እስከዚያው መኪናዎቹ እንደ ወትሮው ያልፋሉ። አረንጓዴው መብራትም ከሰኞ ጀምሮ ይሞከራል።

ሁሉም ትንንሾቹን ወንበሮች እያንኳኳ ተነሣ። ዴሪክ ቶሌት በሩ ጋ ጠብቆ «ፊልሙን ፍርድ ቤቱም ያየው ይሆን?» አላት። «እኔ አሳየዋለሁ፣ የራሴንም ጀርባ ጭምር» አለችው። ኮፍያውን አድርጎ በእግሩ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ሄደ። ኡላሊያ ባዶው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ጥቂት ቆየች። የተናገረችው ሁሉ የት ገባ? ጠዋት መኪናው ‹መዝግበናል› ብሏት ነበር፤ እዚህም ከዚያ የተለየ አላገኘችም።

*

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልጆቹ ወጡ። ሙቀቱ ከአስፋልቱ ላይ ይንቀጠቀጣል። ኡላሊያ በየምልልሱ ሠላሳ አርባውን ልጅ አሻገረች፤ ዛሬ ማንንም አልተቆጣችም፣ ስልክ የያዘ ሹፌር እንኳ አይታ አለፈች፣ ዓይኗን ከልጆቹ አልነቀለችም። ኖኤሚ የመጨረሻ ሆና በክራንቿ ቀስ እያለች መጣች። ጄሶዋ ላይ የክፍል ጓደኞቿ ስማቸውን ጽፈውበታል። የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቆመች።

በዚያው ሰዓት ነጩ መኪና መጣ። ለስለስ ብሎ ቆመ፤ በዚህ ጊዜ መስመሩን አልነካም። ከኋላው አንድ ሁለት ሦስት መኪና ተደረደረ።

ኡላሊያ ምልክቷን አንሥታ መሀል መንገድ ገባች። «ነይ እንግዲህ።»

ኖኤሚ አልተንቀሳቀሰችም። ባዶውን ወንበር ታያለች። «ማን ሊነቀንቅልኝ ነው ናና?»

«ይሄን እለፊ የኔ እናት። አይቶሻል።»

«በምን አውቃለሁ?»

ጠዋት ራሷ የጠየቀችው ጥያቄ ነው፤ ከልጅ አፍ ሲመጣ ግን ክብደቱ ሌላ ሆነ። ኡላሊያ ወደ መኪናው አየች። መሪው ጸጥ ብሏል፣ ቀበቶው ተንጠልጥሏል። በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ ሞተሩ ላልጠፋ መኪና ጀርባዋን ሰጥታ አታውቅም፤ ለአዲስ አሻጋሪዎች መጀመሪያ የምትነግራቸው ይህን ነው። አሁን ከመኪናው ግንባር ፊት ሄዳ ቆመች፣ ሰደርያዋ ሊነካው እስኪደርስ ተጠጋች፣ ከዚያ ዞረች። ጀርባዋን ለባዶው ወንበር፣ ፊቷን ለኖኤሚ።

«እኔን እዪኝ» አለች። «ዓይኔን ያዢ። ሹፌሩ እኔ ነኝ።»

ኖኤሚ ልትስቅ ምንም አልቀራት፣ ግን አልሳቀችም። አያቷን አየቻት። ሁለቱ ዓይን ለዓይን ተያያዙ።

ኡላሊያ የመኪናውን ዝቅተኛ ንዝረት በወገቧ ሰማችው። ከዚያ ወዲያ ደግሞ የሌላ ሞተር ድምፅ፤ ከኋላ ከተደረደሩት አንዱ ነው፤ ጉርምርም የሚል፣ ትልቅ። ከዚያ የፍሬቻ ድምፅ መጣ፤ ጧ፣ ጧ፣ ጧ። የደረቀ መስሎት ይሆን? ሊዞር ይሆን? ዘወር ብላ ብታይ ታውቀዋለች፤ ዘወር ካለች ደግሞ የልጅቷን ዓይን ትለቃለች። ሳትዞር ክንዷን ወደ ጎን ዘረጋች፤ ምልክቷ መሀሉን መስመር እስኪዘጋ ድረስ፣ ትከሻዋ እስኪገነጠል ድረስ። ከኋላዋ ያለው ካሜራ ሁለቱንም በሰማያዊ ሳጥን ከቧቸው ይሆናል።

አሁን የሚቀረው ራሷን መነቅነቅ ብቻ ነው። ትንሽ ነገር ነው፤ አገጭን አንድ ጣት ያህል ዝቅ ማድረግ። ይህን ሁሉ ዓመት ከማታውቃቸው ሰዎች በመስታወት ስትጠይቅ፣ ሳይሰጡ ሲቀሩም ስትቆጣ የኖረችው ነገር ይህ ነው። ይህን ያህል እንደሚከብድ አንድም ቀን አልነገሯትም።

ፍሬቻው አሁንም ጧ፣ ጧ ይላል።

ጠርዙ ላይ ኖኤሚ ዓይኗን ሳትነቅል፣ እጆቿ ክራንች ይዘዋልና በእጇ ፋንታ አንዱን ክራንች ከመሬት አንሥታ ወደ ላይ ያዘችው፤ አያቷ ራሷን እስክትነቀንቅላትም ጠበቀች።